ከኦፕራሲዮን በኋላ ምን እንልበስ? ሰው ከመንካቱ በፊት እንዲያውቅ

ወሎ ውስጥ ታሞ መዳን ለብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ከሆስፒታል የወጣችሁ ዕለት ጎረቤት ይመጣል። በማግስቱ ዘመድ ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከሐርቡ ይመጣል። ሁሉም ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ፣ እጃችሁን ሳብ ሳብ እያደረገ፣ ደረቱን ከደረታችሁ እያስጠጋ ነው «አብሽሩ» የሚላችሁ። ይሄ ጥየቃ ባይኖር መዳንም ይከብዳል። ግን ስፌት ላይ ያማል፣ አንዳንዴም ቁስል ይከፍታል።

ቤት ተኝታችሁ ሳላችሁ ነገሩ ቀላል ነው፤ አልጋ ላይ ያለ ሰው መታመሙ ያስታውቃል። ከባዱ ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ክሩ ወጥቷል፣ ፊታችሁ መለስ ብሏል፣ ቀስ እያላችሁ ፒያሳ ድረስ ትወጣላችሁ። ያያችሁ ሁሉ «እሰይ፣ ዳንክ!» እያለ ይጠመጠምባችኋል። አንዱ ጀሪካን ያሸክማችኋል፣ ሌላው ባጃጅ ውስጥ በክርኑ ይገፋችኋል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ስለማይታየው ነው። የተሰፋ ቆዳ ግን በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የቀድሞ ጥንካሬውን ሲሶ እንኳ አያገኝም። ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ነው፣ ከዚያ በላይም ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይሆንም። ስለዚህ ልብሳችሁ ምልክት እንዲሰጥላችሁ የሚያስፈልገው በተለይ ደህና መስላችሁ በምትታዩበት ጊዜ ነው።

ምልክቱ በሽታችሁን መንገር የለበትም። የት እንደተቀደዳችሁ፣ ምን እንደወጣላችሁ የእናንተ ጉዳይ ነው። ልብሱ የሚናገረው ይቺን ብቻ ይሁን፦ በዚህ በኩል አትንኩኝ፣ አታሸክሙኝ፣ መቀመጫ ካለ ስጡኝ።

ያለንን ልብስ እንጠቀም

እኛ ዘንድ ልብስ ድሮም ይናገራል። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ፣ አንገቷ ጋ አድርጋ ያጣፋች ሴት ስታዩ ሐዘን እንዳለባት ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። በትምህርተ መስቀል ያጣፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ነው። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣ ጋቢ ደርባ በር ላይ የተቀመጠች ወጣት አራስ መሆኗ ይታወቃል። የታከመ ሰውም እንዲሁ ባለው ልብስ ሊታወቅ ይችላል፣ አዲስ ነገር መግዛት አያሻም።

መጀመሪያ ከሐዘን ምልክት ራቁ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ነጠላ ከደራረባችሁ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ይሮጣል። እያለቀሰ ነው የሚያቅፋችሁ፣ ያ ደግሞ ከተራው ሰላምታ የባሰ ነው። ቀለል ያለ፣ ብሩህ ቀለም ልበሱ፣ ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ።

ሁለተኛ፣ ከላይኛው ልብስ በላይ፣ በታከመው ጎን፣ ስንዝር የምታህል ንጹሕ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ አያይዙ። ልብሱ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡኒ ከሆነ ጨርቁ ነጭ ይሁን። ነጭ ጋቢ ላይ ግን ነጭ አይታይም፣ እዚያ ላይ ውሃ ሰማያዊ ወይም ቀላል አረንጓዴ ይሻላል። ፋሻ የመሰለ ነገር ያየ ሰው ሳያስበው እጁን ይሰበስባል። እኔ ካየሁት ሁሉ ቀላሉና የሚሠራው ይሄ ነው። ጨርቁ ላይ ቀይ መስቀል ወይም ቀይ ጨረቃ አታድርጉ፣ ቢያምርም። እነዚህ ምልክቶች በዓለም አቀፍ ሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ለሕክምና አገልግሎትና ለዕርዳታ ሠራተኞች እንጂ ለታካሚ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን አስቡበት። ደሴ ብርድ ነው፣ ከተማዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ከጦሳ የሚወርደው የማታ ነፋስ ደግሞ ጋቢ ያስመኛል። ግን ባለ አራት እጥፍ ጋቢ ትከሻ ወይም ደረት ለታከመ ሰው ሸክም ነው። ለእሱ ከውስጥ ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ፣ ከላይ ስስ ኩታ ወይም ነጠላ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ከሆናችሁ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ሙቀቱ ያልባል፣ ላብ ደግሞ ፋሻን ያረጥባል። እዚያ ጋቢ ማብዛት ቁስሉን ይጎዳል፣ እናቶች ቢቆጡም።

እናቶች የሚቆጡት «ምች ይመታዋል»፣ «ሽታ ይመታዋል» ብለው ነው። ጤና አዳም ጋቢው ጫፍ ላይ የሚቋጥሩም አሉ። ጋቢው ጫፍ ላይ ይቋጠር፣ ክፋት የለውም፣ ደስ ይበላቸው። ቁስሉ ላይ ግን ቅጠልም፣ ቅቤም፣ ሎሚም አይነካም። ፋሻው ውስጥ የሚገባው ሐኪሙ ያዘዘው ብቻ ነው።

ትከሻ፣ ክንድ፣ ደረት፣ ጡት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም የወሎ ሰላምታ ዋናው መንገዱ ትከሻ ነው።

ክንድ ወይም ትከሻ የታከመ ሰው ማንጠልጠያ ካዘዙለት ከጋቢው በላይ ያድርገው። ብዙ ሰው ብርዱን ፈርቶ ማንጠልጠያውን ከውስጥ አድርጎ ጋቢውን ከላይ ይደርባል። ያኔ ምልክቱ ጠፋ ማለት ነው። ጋቢውን መጀመሪያ ትከሻ ላይ ጣል አድርጉ፣ ማንጠልጠያውን ከላይ እሰሩ። የተገዛ ከሌለ ከአሮጌ ንጹሕ አንሶላ ሦስት ማዕዘን ቆርጦ ማሰር ይቻላል። ክርኑ ታጥፎ፣ መዳፉ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቋጠሮው አንገት አጥንት ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይሁን፣ ከሥሩ የታጠፈ ለስላሳ ጨርቅ ይግባበት። ጣቶቹ ይታዩ። ከደነዘዙ፣ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ አሰሩ ጠብቋል፣ ወዲያው ይላላ።

ማንጠልጠያ ሳይታዘዝላችሁ ለምልክት ብቻ ቀኑን ሙሉ አትልበሱ። ትከሻ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይደርቃል፣ በኋላ ማንሳት ያቅታል። ለእናንተ ያቺ ስንዝር ጨርቅ ትበቃለች።

ልብሱ ከላይ እስከ ታች ከፊት የሚከፈት ይሁን። በአንገት የሚጠለቅ ቲሸርት፣ ጠባብ ሹራብ ለጊዜው ይቀመጥ። ስትለብሱ የታመመው እጅ ይቅደም፣ ስታወልቁ የታመመው እጅ መጨረሻ ይውጣ። ነርሶች ሁሉ የሚያውቋት ዘዴ ናት፣ ቤት ሲገባ ግን ትረሳለች፣ በየቀኑም ታሳምማለች። የሰው ሸሚዝ በሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ተበድራችሁ ልበሱ።

ጡቷ የታከመች ሴት ብዙ ጊዜ ፈሳሽ የሚያወጣ ቀጭን ቱቦና ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ነው ከሆስፒታል የምትወጣው። ያንን ጠርሙስ በእጅ ይዞ መዞር ያሳቅቃል፣ ተንጠልጥሎ ሲቀር ደግሞ ቱቦው ይሳባል። ሰፊ ድሪያ ወይም ከፊት የሚቆለፍ ቀሚስ ይዛችሁ ሲንጀሩን ደጅ አውጥቶ ወደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ውሰዱት፣ «ከውስጥ በኩል ኪስ አውጣልኝ» በሉት። ኪሱ ከአሮጌ ጥጥ ጨርቅ፣ መዳፍ በደንብ የሚያስገባ ስፋት፣ ከቁስሉ ዝቅ ብሎ ወገብ አካባቢ ይሁን። አፉ ወደ ላይ ይከፈት፣ ቱቦው የሚያልፍበት ትንሽ ቀዳዳ በጎኑ ይኑረው። ልብስ ሰፊው ለምን እንደሆነ ባይጠይቅ ደስ ይላል፣ ከጠየቀም «ለመድኃኒት» ብትሉት ይበቃዋል። ከብብት ሥር ዕጢ ከወጣላት በዚያ በኩል ጠባብ እጅጌ፣ ጠባብ አምባር፣ ከባድ ዘንቢል አይሁን። አምባሩን ወደ ሌላኛው እጅ ማዛወር ነው።

የልብ ኦፕራሲዮን ሆኖ ደረቱ መሃል የተከፈተ ሰው አጥንቱ እስኪገጥም ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። እሱን በክንዱ ስቦ ማንሳት ክልክል ነው። እኛ ደግሞ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ ክንዱን መሳብ ክብር ይመስለናል። ለእሱ ጨርቁን ጎን ላይ ሳይሆን ደረቱ መሃል ላይ አያይዙለት፣ አጠገቡ ያለ ቤተሰብም ሰው ሲመጣ ይናገር።

ሆድ

በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ትርፍ አንጀት የወጣለት፣ ቡአ የተሠራ፣ ሐሞት ጠጠር የወጣላት፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ።

መቀነት ይፈታ። ወገብ መታጠቅ ጉልበት ይሰጣል የሚሉ አሉ፣ ስፌት ላይ ግን ይፈገፍጋል፣ እርጥበት ይይዛል። የሆድ ቀበቶ ሐኪም ካዘዘ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ባለው መመሪያ ይታሰር። ሴቶች ድሪያ፣ ወንዶች ጀለቢያ ወይም ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሰፊ ቱታ። ሽርጥ የለመደ ሰው ሽርጡን ይልበስ፣ ቋጠሮውን ግን ከስፌቱ አርቆ ወደ ጎን ያድርገው።

ሆድ ላይ ምልክት እንዴት ይደረጋል? በጨርቅ ሳይሆን በታጠፈ ነጠላ። ነጠላውን አራት አምስት ጊዜ አጥፋችሁ ትንሽ ትራስ አስመስሉት፣ በሁለት እጃችሁ ሆዳችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ስትስሉ፣ ስታስነጥሱ፣ ስትስቁ፣ ስትነሱ ጫን አድርጉት። ሕመሙን በጣም ይቀንሳል፣ ሆስፒታል ውስጥም የሚያስተምሩት ነው። ሰውም ያየዋል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ እንዲህ ይዛ የገባች ወጣት አይቻለሁ። እናቷ ሕፃኑን ታቅፈዋል፣ እሷ ነጠላውን ሆዷ ላይ ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ረዳቱ አያትና «እቴ፣ አንቺ ጋቢና ግቢ» ብሎ ፊት የተቀመጠውን ልጅ አስነሳው። ሐረጎ ላይ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ነጠላውን ጫን ታደርጋለች፣ ሹፌሩም እያየ ቀስ ይላል። የተጣጠፈ ነጠላ ነው ይሄን ሁሉ ያደረገው።

ጋቢና ስትቀመጡ የመኪና ቀበቶ አትተዉ። የታችኛው ማሰሪያ ከስፌቱ በታች፣ ዳሌ ላይ ይለፍ፣ በመሃል ያንኑ የታጠፈ ነጠላ አድርጉ። ባጃጅ ከሆነ መሃል ሳይሆን ዳር፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ እንዲል አስቀድማችሁ ንገሩት። ከኋላ አራት ሰው ከሚጭን ባጃጅ ውረዱ፣ ሌላ ይመጣል።

ሸክም ላይ ጨክኑ። ቡአ ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በኦፕራሲዮን ወልዳችሁ ከሆነ ስድስት ሳምንት ገደማ ከአራስ ሕፃን የሚከብድ ነገር አይነሳም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አንቀልባና ማዘያም ቢሆን ማሰሪያው ሆድ ላይ ያልፋል፣ ስለዚህ ልጁን እህት ትዘለው፣ አክስት ትዘለው። ቤት ውስጥም ነጠላው ሆዳችሁ ላይ ይቆይ። የተሻላችሁ መስሏቸው «እስቲ ይቺን ምጣድ አውርጂልኝ» የሚሏችሁ ሰዎች የሚረሱት በክፋት አይደለም።

አንገት

የወሎ ደጋ እንቅርትን በደንብ ያውቀዋል፣ የአዮዲን እጥረት ያለበት አገር ነው። እንቅርት የወጣለት ሰው ጠባሳው አንገቱ ሥር፣ ከአንገት አጥንቱ ትንሽ ከፍ ብሎ አግድም ነው። ሰው ሲስም ጉንጩንና አንገቱን ነው የሚጠጋው፣ ስለዚህ ምልክት ያስፈልገዋል።

ለስላሳ ጥጥ ሻርፕ ላላ አድርጎ ጣል ማድረግ በቂ ነው። ሱፍ ይበላል፣ ናይለን ያልባል። ሂጃብ የምታደርግ ሴት እስፒሉን አገጭ ሥር ሳይሆን ወደ ትከሻ ታድርገው፣ ወይም የሚጠለቀውን ዓይነት ትቶ የሚጠመጠመውን ላላ አድርጎ መልበስ ነው። ሻሽ አገጭ ሥር የምትቋጥር እናት ወደ ኋላ ትቋጥረው። ኮሌታው የላይኛው ቁልፍ ይከፈት።

ክሩ ከወጣና ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ሻርፑ ይቆይ፣ ያኔ ለፀሐይ ነው። አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል፣ ወደ አንድ ዓመት ያህል መሸፈን ጥሩ ነው። በተለይ ባቲ ሰኞ ገበያ ሙሉ ቀን የምትቆሙ፣ እዚያ ፀሐዩ አይቻልም። አንገት ድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ከከበደ ግን ሻርፑን ጥላችሁ በቀጥታ ሆስፒታል።

ዓይን

የዓይን ሞራ የተገፈፈላቸው አባትና እናት በወሎ ብዙ ናቸው። ዓይናቸው ላይ የሚደረገው መጋረጃና ጥቁር መነጽሩ ራሱ ምልክት ነው፣ ሰው ያውቀዋል። መጋረጃው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይነሳል። መነጽሩ ግን ውጭ ሲወጡ ይቆይላቸው፣ ለብርሃኑም ለአቧራውም ለሰውም።

እዚህ ቤት ላይ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ይቺን ያዙ፣ የነጠላ ጫፍ። እማማ ሲያለቅሱ በነጠላ ጫፍ፣ ጭስ ሲገባ በነጠላ ጫፍ፣ ላብ ሲሆን በነጠላ ጫፍ ነው የሚጠርጉት። ዕድሜ ልክ የለመደ እጅ ነው፣ ሳያውቁት ይሄዳል። ያ ጫፍ ወለል የነካ፣ ብር የተቋጠረበት፣ እንጀራ የተጠረገበት ነው። ስለዚህ ለሦስት አራት ሳምንት ነጠላውን አስቀምጡና ጫፍ የሌለው ነገር አልብሷቸው፣ ከፊት የሚቆለፍ ሹራብ ይሁን። ነጠላ ካልለበስኩ ካሉ ጫፎቹን በኋላ በኩል በመርፌ ቁልፍ አያይዙላቸው። ንጹሕ ሶፍት ኪሳቸው ውስጥ አድርጉ። ማታ ሲተኙ ሐኪሙ የሰጣቸው መሸፈኛ ይታሰር፣ እንቅልፍ ውስጥ ማሸት አለ።

ቡና ሲፈላ ከከሰሉና ከዕጣኑ ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ «ቡና ጀባ» ሲባል ስኒው እሳቸው ያሉበት ይምጣ። ካህን ሲመጡ መስቀሉን በግንባር ሳይሆን በከንፈር ይሳለሙ።

እግር

እውነት ለመናገር እግሩ ለታከመ ሰው ከሽርጥ የተሻለ ልብስ አላውቅም። ከሚሴ፣ ባቲ፣ ሐርቡ ያሉ ወንዶች ድሮም ይለብሱታል። ከላይ ይታሰራል፣ በጄሶውም በብረቱም ላይ ያልፋል፣ ሐኪም ሲያይ ገለጥ ማድረግ ነው። ሱሪ ካስፈለገ የጎኑን ስፌት እስከ ጉልበት በላይ አስተርትሩና ቁልፍ አስተክሉበት። ነጠላ ጫማ አትልበሱ፣ ክራንች ይዞ ነጠላ ጫማ መንሸራተት ነው። ተረከዙ የተዘጋ፣ ጠፍጣፋ ጫማ ይሁን። ክራንቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠምጥሙበት፣ መብራት በጠፋ ማታ ሹፌር እንዲያየው።

የሽንት ከረጢት

ፕሮስቴት የታከሙ አባቶች አብዛኛውን ጊዜ ለተወሰነ ቀን ቱቦና ከረጢት ይዘው ይመጣሉ፣ ያፍራሉም። እዚህ ላይ ልብሱ መደበቅም አለበት። ጀለቢያ ወይም ሽርጥ፣ ከላይ ኩታ። ከረጢቱ ጭን ወይም ባት ላይ ይታሰር፣ ምንጊዜም ከፊኛ ዝቅ ይበል። ወደ ላይ ከተነሳ ሽንቱ ይመለሳል። ኪስ ውስጥ ወይም ደረት አጠገብ አይያዝ፣ መሬት ላይም አይጣል። ከግማሽ አልፎ ሳይሞላ ይፍሰስ። ምልክቱ ከዘራ ይሁን፣ ከዘራ የያዘ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ ቢሄድ የሚጠይቀው የለም።

ጽሑፍ ያለበት ምልክት

በሌላው አገር ለዚህ የተዘጋጀ ነገር አለ። ቶኪዮ ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀይ፣ ነጭ የመደመር ምልክትና ልብ ያለበት ማንጠልጠያ ይሰጣል፣ ሕመሙ ከላይ የማይታይ ሰው ቦርሳው ላይ ያስረዋል። ለንደን ውስጥ በ2017 እ.ኤ.አ. «እባክዎ ቦታ ይስጡኝ» የሚል ሰማያዊ ባጅ ለባቡርና ለአውቶቡስ ተሳፋሪ መስጠት ጀመሩ። ሁለቱም በሽታውን አይጠቅሱም፣ ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

እኛም ቤት ልንሠራው እንችላለን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባንክ የሚሠራ፣ ሱቅ የሚሸጥ ወጣት ስንዝር ጨርቅ አያይዞ መውጣት ካልፈለገ ካርቶን ላይ ጽፎ በክር አንገቱ ላይ ያንጠልጥል፣ ወይም ቲሸርት ላይ ያሳትም። ጽሑፉ አጭርና ትልቅ ይሁን፣ በሦስት እርምጃ የሚነበብ። «ታክሜያለሁ፣ ሰላምታ በእጅ» ይበቃል። «ትከሻ ይቅርብኝ፣ ዱአ አድርጉልኝ» ብሎ የጻፈ ወንድም አውቃለሁ፣ ሰው ሁሉ እያነበበ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ስላለ ግን ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፣ ጨርቁም አብሮ ይሁን።

መስጊድና ቤተ ክርስቲያን

መስጊድ ሶፍ፣ የሶላት ሰልፉ፣ ሲያዝ ትከሻ ለትከሻ ነው። የታከማችሁበት ጎን ወደ ግድግዳው እንዲሆን የሶፉ ጫፍ ላይ ቁሙ፣ ጨርቁም ከጀለቢያው በላይ ይታይ። መቆምና ሱጁድ፣ ግንባርን መሬት ማስነካት፣ ካልቻላችሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ የተፈቀደ ነው። ወንበሩ ራሱ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ስግደት ቀርቶለታል፣ መቋሚያ ተደግፋችሁ ከዳር ቁሙ። በዓል ቀን ግን፣ ሕዝብ በሚገፋፋበት ቀን፣ የመጀመሪያውን አንድ ወር ቅሩ። ጨርቅ ሰልፍ አያቆምም።

አፍ የሚያስፈልግበት ጊዜ

ልብሱ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ትልቅ ሰው ሲሆን። አዛውንት ሊስሟችሁ ሲቀርቡ ወደ ኋላ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ቀድማችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ አንገታችሁን ዝቅ አድርጉና «አያ፣ አፊያ ነዎት? ታክሜ ነው፣ ይመርቁኝ» በሉ። ምርቃት የተጠየቁ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ይመርቃሉ። እቅፉ በምርቃት ተተካ፣ ማንም አልተከፋም። ይሄ ከየትኛውም ባጅ በላይ ወሎ ውስጥ ይሠራል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ወንበሮቹን ሁሉ ባልታከማችሁበት ጎን ደርድሩ። በታከመው ጎን ጋቢ ወይም ትራስ ይቀመጥ። ጠያቂ ወንበር ወዳለበት ነው የሚሄደው።

ሲገለጥ የሚገለጥ ልብስ

የፈለገ ያማረ ቢሆን፣ ቁስሉን ለማየት አምስት ደቂቃ የሚያስፈታ ልብስ አትልበሱ። በቀን አንዴ ፋሻውን ከላይ እዩት። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁስሉ ዙሪያ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የተከፈተ ስፌት ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። የአንድ እግር ባት አብጦ ከሞቀና ካመመ፣ ወይም ድንገት ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ እሱ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ለቀጠሮ ስትሄዱም የቀጠሮ ካርዱንና የመድኃኒቱን ወረቀት ያ ከውስጥ የተሰፋው ኪስ ውስጥ አድርጉ።

ምልክቱ መቼ ይውለቅ? ሐኪሙ «አሁን ሥራ ጀምር፣ ዕቃ አንሳ» ሲል። ከዚያ በኋላ ማቆየት ጥሩ አይደለም፣ ሰውም ይሰለቻል፣ እናንተም ራሳችሁን እንደ በሽተኛ ትለምዳላችሁ። ድንገት አንድ ቀን ከማውለቅ ቀስ በቀስ ይሁን። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ተዉት፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ፣ መጨረሻ ገበያና መናኸሪያ።

ኪስ የወጣለትን ድሪያ፣ ጎኑ የተተረተረውን ሱሪ፣ ማንጠልጠያውን አትጣሉ። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ በካውያ ተኩሱት፣ አንድ ፌስታል ውስጥ አኑሩት። ሰፈር ውስጥ ኦፕራሲዮን ሊሆን የተቀጠረ ሰው መኖሩን ስትሰሙ ከመግባቱ በፊት ውሰዱለት። ስትሰጡትም የትኛው ኪስ ለምን እንደሆነና የትኛው እጅ ቀድሞ እንደሚለብስ አልብሳችሁ አሳዩት፣ ከወጣ በኋላ ከሆነ ያመዋል።